የፍሬን ካሊፐር በብሩሽ ይቀባ ወይስ በዱቄት ይጋገር?

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሱሉልታ ያለችው ትንሿ ጋራዣችን አንድ ዓይነት እንግዳ ትቀበላለች። ጭቃው ደርቋል፣ መኪናው ታጥቧል፣ ቸርኬው አብረቅርቋል፤ ባለቤቱ ግን ጎንበስ ብሎ በቸርኬው ክፍተት ወደ ውስጥ ሲመለከት የዛገ ብረት ያያል። «ጋሼ፣ ይህን ብረት ቀይ ልናደርገው እንችላለን?» ይለኛል። አንዳንዱ ደግሞ ከወዳጆቹ ሰምቶ ይመጣና «በፓውደር ኮቲንግ ይሠራልኝ፤ እሱ ዕድሜ ልክ አይለቅም ብለውኛል» ይላል፤ በምድጃ የሚጋገረውን የዱቄት ቀለም ማለቱ ነው።

ጥያቄው የቀለም ይመስላል። እኔ ግን በሌላ ጥያቄ ነው የምመልሰው፦ ፍሬንህ ተፈትቶ እንዲከፈት ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? በብሩሽ የሚቀባ ካሊፐር እዚያው በተሰቀለበት ይቀባል። በዱቄት የሚሠራው ግን ከመኪናው ወርዶ፣ እስከ መጨረሻዋ ጎማ ተበትኖ፣ ምድጃ ገብቶ፣ እንደ አዲስ ተገጣጥሞ ይመለሳል። የመጀመሪያው የማስዋብ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሙሉ የፍሬን ጥገና ነው። ይህ ሳይለይ ስለ ድምቀትና ስለ ዋጋ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ካሊፐር ከቸርኬው ጋር የሚሽከረከረውን ዲስክ እንደ ጉጠት ከሁለት ወገን አቅፎ የሚይዘው አካል ነው። በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ ከቀለጠ ብረት ተቀርጾ ይሠራል፤ በውድ መኪኖች ላይ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ የሚንሸራተተውን ፒስቶን ይገፋል፣ ፒስቶኑ ዲስኩን የሚያሸውን ሸራ ይገፋል፣ ሸራው ዲስኩን ጨምቆ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስቶኑ እንዴት እንደሚመለስ ነው። ሞላ ያለው ይመስላቸዋል፤ የለውም። በፒስቶኑ ዙሪያ ጠርዙ አራት ማዕዘን የሆነ የጎማ ቀለበት አለ፤ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ የምንለው ነው። ፒስቶኑ ወደ ፊት ሲሄድ ጎሚኒው ከቦታው ሳይነቃነቅ ጠርዙ ብቻ አብሮ ይጣመማል። ግፊቱ ሲለቅ ጎማው ወደ ቀድሞ ቅርጹ ሲመለስ ፒስቶኑን ከሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ይዞት ይመለሳል። ሸራው ከዲስኩ የሚላቀቀው በዚህች ጥቂት እንቅስቃሴ ነው። እኔ ይህን ሥራ ስማር ያስደነቀኝ ይህ ነበር፤ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ፍሬን የሚፈታው በአንዲት ጎማ ልስላሴ ነው።

ያችን ጎማ በልባችን ይዘን ወደ ዱቄቱ እንሂድ። የአዲስ አበባ ሰው የዱቄት ቀለምን በአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ በብረት ወንበርና ጠረጴዛ ያውቀዋል። ፈሳሽ የለውም፤ እንደ ፕላስቲክ ያለ ሙጫና ቀለም ተደባልቆ የደቀቀበት ዱቄት ነው። ከሽጉጥ መሰል መርጫ ሲወጣ በኤሌክትሪክ ይሞላል፤ የሚቀባው ብረት ከመሬት ጋር በሽቦ ስለተያያዘ ዱቄቱን ወደ ራሱ ስቦ ይለብሰዋል። ከዚያ ምድጃ ይገባል። ተራው የፖሊስተር ዱቄት እንዲበስል የብረቱ የራሱ ሙቀት ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያህል እዚያው መቆየት አለበት። የምድጃው ሙቀት አላልኩም፤ የብረቱ ነው። ካሊፐር ድፍን ስለሆነ እንደ መስኮት ላሜራ ቶሎ አይሞቅም፤ ስለዚህ ምድጃ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ዱቄቱ ቀልጦ ይያያዛል፣ ይጠነክራል፤ አንዴ ከጠነከረ ተመልሶ አይቀልጥም። ውፍረቱ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን፣ ማለትም አንድ የሰው ፀጉር ያህል ይሆናል። ከአንድ ስስ የመርጫ ቀለም ቅብ ይወፍራል።

ውጤቱ በእርግጥ ያምራል። ለስላሳ፣ ወጥ፣ ጠንካራ ነው። የፍሬን ዘይት ቢንጠባጠብበት ተራ ቀለምን እንደሚያስለቅቀው ወዲያው አያስለቅቀውም። ድንጋይ ሲመታውም የተሻለ ይችላል። ለዱቄት የሚነገረው ምስጋና ሐሰት አይደለም።

ግን ጎሚኒው በ200 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አይችልም። ዶት 3 እና ዶት 4 በሚባሉት የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ለሚሠሩ ፍሬኖች ጎሚኒው የሚሠራው በአብዛኛው ኢፒዲኤም ከሚባል ጎማ ነው። ይህ ጎማ የፍሬን ዘይትን ይችላል፤ እንዲህ ያለው የምድጃ ሙቀት ግን ያደርቀዋል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ የፊት ካሊፐሮቹን ሌላ ቦታ በዱቄት አስቀብቶ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መኪናው «ከበደኝ፣ ነዳጅ ይበላል» ብሎ አመጣልኝ። የቀኝ የፊት ቸርኬ ከግራው ይልቅ እጅግ ይግላል። ካሊፐሩን ስከፍተው ሙሉውን፣ ፒስቶኑን ከነጎሚኒው እንደያዘ፣ ምድጃ እንዳስገቡት ገባኝ። ጎሚኒው እንደ ደረቀ ቁርበት ሆኗል። ፒስቶኑን ወደ ፊት ያሳልፋል፤ ወደ ኋላ ግን አይመልስም። ሸራው ቀኑን ሙሉ ዲስኩን እያሸ ነበር። ያ ሰው ያንን መኪና ይዞ ቤተሰቡን ጭኖ የዓባይን በረሃ ሊወርድ ነበር። ቀለሙን ያየ ሁሉ እያደነቀ ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያማረ ካሊፐር እምብዛም አላየሁም።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላሳይ። 1300 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቁም ቢባል ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት 180 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ያው መኪና 1000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ግን የሚወገደው ጉልበት ወደ 12,700 ኪሎ ጁል ይጠጋል። ይህም ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 70 ጊዜ እንደ መቆም ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውኃ፣ 40 ሊትር ያህል፣ ለማፍላት ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ነው። ከፊሉን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ የቀረው ሁሉ በዲስክና በሸራ ላይ ያርፋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ዲስኩ ከ300 ዲግሪ ማለፉ አያስገርምም። አንዱ ሸራ አስቀድሞ እያሸ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር አስቀድሞ ግሎ ይደርሳል ማለት ነው።

ያ ሙቀት በፒስቶኑ በኩል ወደ ዘይቱ ይሻገራል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል፤ ዶት 4 ደግሞ ከ230። የፍሬን ዘይት ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ የገባበት ዶት 3 በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይገፋም፣ ይታመቃል። ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው ግን ይቀጥላል።

ስለዚህ ዱቄት የሚመርጥ ሰው የሚከፍለው ለቀለም ብቻ አይደለም። ፒስቶኑ መውጣት አለበት፣ ጎሚኒውና የአቧራ መከላከያው በአዲስ መተካት አለባቸው፣ የአየር ማውጫዋ ብሎን መፈታት አለባት፣ በውስጥ ቀዳዳዎቹ የቀረ የፍሬን ዘይት ተጠርጎ መውጣት አለበት፤ ዘይት የቀረበት ካሊፐር ምድጃ ውስጥ ያጨሳል፣ ቀለሙንም ያበላሻል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቀልጦ የተቀረጸ ብረት በውስጡ ደቃቅ ቀዳዳዎች ስላሉት መጀመሪያ ባዶውን ማሞቅም ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ የታመቀው አየርና ቅባት ዱቄቱ ሲቀልጥ አረፋ እየሆነ ይወጣና ቀለሙ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ከዚያም አዲስ ዘይት፣ አየር ማውጣት፣ ሙከራ። መኪናው ለቀናት ይቆማል። ለቪትዝና ለኮሮላ ጎሚኒው መርካቶ ሞልቷል። አዲስ ለገቡ አንዳንድ መኪኖች ግን ጎሚኒውን እጅ ላይ ሳያስገቡ ካሊፐር መክፈት ከባድ ስህተት ነው።

ውፍረቱም የራሱ ጣጣ አለው። ካሊፐር ላይ ፈጽሞ ቀለም ሊነካቸው የማይገቡ ቦታዎች አሉ፦ የፒስቶኑ ቤት፣ የጎሚኒው ቦይ፣ የብሎን ጥርሶች፣ የፍሬን ቱቦው የሚያርፍበት ፊት፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቀዳዳ፣ ሸራው የሚቀመጥባቸው ጠርዞች፣ መያዣው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ገጽ። ሸራው የሚቀመጥበት ጠርዝ በሁለት ወገን 80 ማይክሮን ቢለብስ ሸራው ይጣበቃል፤ ተጣብቆም ዲስኩን እያሸ ይቀራል። በብሎን ሥር የቀረ ዱቄት ደግሞ በሙቀትና በጫና ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ብሎኑ በተጠበቀበት ልክ አይቆይም። መስኮትና ወንበር ሲቀባ የኖረ ባለሙያ ይህን የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። እጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬን ግን አላጠናም። ስለዚህ ካሊፐሩን ወደ ዱቄት ቀቢው የሚወስደው፣ የሚሸፈነውንም ቦታ አንድ በአንድ የሚያሳየው መካኒኩ ቢሆን እመክራለሁ።

ሌላም አለ። ከፋብሪካ የወጡ ብዙ የብረት ካሊፐሮች ከላያቸው ስስ የዚንክ ልባስ አላቸው። ዱቄት ከመቀባቱ በፊት ካሊፐሩ በአሸዋ ሲመታ ይህ ልባስ ከዝገቱ ጋር ይሄዳል። አዲሱ ዱቄት ሳይነካ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ከጫንጮ ወዲህ ባለው ኮረት የለበሰ የውስጥ መንገድ ላይ ግን ድንጋይ ሁልጊዜ ይፈናጠራል። ዱቄቱ በአንድ ነጥብ ከተሰነጠቀ እርጥበት ከሥሩ እየሾለከ ይገባል፣ ዝገቱ ከታች ይስፋፋል፣ ቀለሙም እንደ ድንች ልጣጭ በሰፊው ይነሳል። በብሩሽ የተቀባ ሲላጥ ትንሽ ይላጣል፤ ያችን ቦታ ጠርጎ አንድ ጠብታ ቀለም ማስነካት ይበቃል። የተነሳ ዱቄት ግን በብሩሽ አይጠገንም፤ ዳግም መበተንና ዳግም ምድጃ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፍርዴ ግልጽ ነው። በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በገላን ለሚኖርና መኪናውን በየቀኑ ለሥራ ለሚጠቀም ሰው ለካሊፐር ተብሎ የተሠራ ቀለም በብሩሽ ይሻለዋል። ዱቄት ትርጉም የሚኖረው ካሊፐሩ ያለዚያም የሚከፈት ከሆነ ነው። ፒስቶኑ ዝጎ፣ ዘይት እያፈሰሰ፣ ጎሚኒው ሊቀየር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ፣ ያን ጊዜ ዱቄት አስቀብተው ቢመልሱት ጥሩ ሥራ ነው። ደህና የሚሠራን ፍሬን ለቀለም ብሎ መክፈትን ግን አልወድም።

በብሩሽ መቀባት ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ከሥራው አብዛኛው ጽዳት ነው። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ በክሪክ ተነስቶ ካቫሌቶ በሚባለው የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጥ፤ በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም እጁን አያስገባ። የተከማቸው አቧራ በኮምፕረሰር አይነፋ፤ አሮጌና ምንጩ የማይታወቅ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በውኃና በሳሙና እየተረጠበ ይታጠብ። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ ለፍሬን የተሠራ ማጽጃ። እዚህ ላይ በጋራዦቻችን የተለመደ አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ካሊፐርን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ። ቅባት ያስለቅቃል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ኢፒዲኤም ጎማ ከነዳጅና ከሞተር ዘይት ጋር ሲገናኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ያበጠ ጎሚኒ ፒስቶኑን ጨምቆ ይይዘዋል። በምድጃ ከደረቀው ጎሚኒ ጋር አንድ ውጤት ነው፣ መንገዱ ብቻ ይለያያል። ፒኖቹ ላይ ተራ ግሪስ መቀባትም እንደዚሁ ነው፤ ለፍሬን የተሠራው የሲሊኮን ግሪስ አለ።

ከጽዳቱ በኋላ የአቧራ መከላከያው ጎማ፣ ቱቦው፣ የአየር ማውጫዋ ብሎን፣ ሸራውና ዲስኩ በወረቀትና በፕላስተር ይሸፈኑ። ቀለሙ ለሙቀት የተሠራ ይሁን። የበር ቀለም ወይም የተራ ስፕሬይ ቀለም ለጊዜው ያብረቀርቃል፤ ከጥቂት ረጅም ቁልቁለት በኋላ ግን ይወይባል፣ ይሰነጠቃል። ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የሚሠራው የካሊፐር ቀለም ለእጅ ብሩሽ የተመቸ ነው፤ ከተቀላቀለ በኋላ ግን ቶሎ ስለሚጠነክር ለአራቱም ጎማ ከመበጥበጥ በፊት ቦታው ሁሉ ይዘጋጅ። ሁለት ወይም ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል። አንዳንዱ የመርጫ ቀለም በሙቀት ካልበሰለ ሙሉ ጥንካሬውን አያገኝም፤ የቆርቆሮውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው። ወቅቱም ይመረጥ። በሐምሌ የሱሉልታ ጉም ውስጥ የተቀባ ቀለም እርጥበት ያዘለ ብረት ላይ ያርፋል፤ ሲደርቅም ይዘገያል። ከጥቅምት ጀምሮ ያለ ደረቅ ቀን፣ ፀሐይ ብረቱን ሞቅ ካደረገችው በኋላ፣ ረፋድ ላይ ጥሩ ነው። መኪናው እስከ ማግስቱ ድረስ አይነዳ።

ቀለሙ ካሊፐሩን አፍኖ ያግለዋል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አያግለውም። ከብረቱ ወደ አየር የሚወጣውን ሙቀት በዋናነት የሚገድበው አየሩ ራሱ ነው፤ የፀጉር ውፍረት ያለው ልባስ የሚጨምረው እንቅፋት ከቁጥር አይገባም። አብዛኛው ሙቀትም የሚወጣው ከዲስኩ ነው። የሚያፍነው ሌላ ነው፦ የታዋቂ ፋብሪካ ስም ተጽፎበት ካሊፐሩ ላይ የሚለጠፈው ወይም በሽቦ የሚታሰረው ክዳን። አየር ይከለክላል፤ ሲፈታ ደግሞ በሚሽከረከር ቸርኬ ውስጥ ይወድቃል። ይህን አልገጥምም፤ ተገጥሞ የመጣንም ባለቤቱን አስፈቅጄ አወጣለሁ።

ቀዩ ካሊፐር ክብሩን ያገኘው ከፈጣን መኪኖች ነው። በጣሊያን በርጋሞ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ብሬምቦ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለፌራሪ የውድድር መኪኖች ፍሬን አቅርቧል፤ በፖርሽ ላይ ደግሞ ቢጫ ካሊፐር ዲስኩ ሴራሚክ መሆኑን ይናገራል። እዚያ ቀለሙ ስለ ውስጡ ይመሰክራል። ቪትዝ ላይ የሚቀባው ቀይ ግን መኪናውን አንድ ሜትር ቀድሞ አያቆመውም። ልብን ደስ ካሰኘ፣ ዝገትንም ከከለከለ ይበቃዋል፤ ከእሱ ሌላ አንጠብቅበት።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደ ጋራዣችን የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ለእነርሱ የካሊፐር ቀለም ከውበት ያለፈ ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩን ወደ ጀነሬተር ለውጦ ባትሪውን እየሞላ ነው። ስለዚህ ሸራና ዲስኩ ብዙ አይሠሩም፣ ብዙም አይሞቁም፤ የክረምቱ እርጥበትም ሳይደርቅ እላያቸው ይቆያል። ፍሬኑ በሥራ ሳይሆን በዝገት ይጎዳል። በብሩሽ የተቀባ ካሊፐር እዚህ በእውነት ይረዳል። በዱቄት ለማስቀባት ግን ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል፤ በብዙዎቹ የኋላ ካሊፐር ላይ የእጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሟል፤ እሱን ለመፍታት አስቀድሞ በኮምፒውተር ፍሬኑን ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ይጠይቃል፣ ሞተሩም ምድጃ ደጃፍ መድረስ የለበትም።

ባለፈው ጥቅምት ቀይ ቀለም የጠየቀኝ አንድ ልጅ በብሩሽ ይሁንልኝ አለ። ቅዳሜ ረፋድ ቀባነው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቸርኬዎቹን ገጥመን፣ ብሎኖቹን በልካቸው አጥብቀን፣ ፔዳሉን ደጋግሞ እንዲረግጥ አደረግሁት። ከዚያ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ በከባድ ማርሽ እንዲወርድና ታች ሲደርስ ዳር ይዞ እንዲቆም ነገርኩት። «የመጀመሪያ ቀን የቀለም ሽታ ትንሽ ይኖራል፤ አትደንግጥ። እጅህን ብረቱን ሳታስነካ በሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አጠገብ በተራ ያዝ። አንዱ ከሌላው ይልቅ የሚግል ከሆነ ቀለሙን ተወውና መኪናውን መልሰህ አምጣልኝ፤ ፒስቶኑ አልተመለሰም ማለት ነው።» ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለ። ሁለቱም እኩል ነበሩ።